የአንድ ክረምት ቀርከሃ

ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ እኔ የሠራሁት ወንበር ያልገባበት ቤት ካለ ባለቤቱ መጥቶ ይንገረኝ። ይመር እባላለሁ። «ቀርከሃው ይመር» ብሎ የጠየቀን ሰው የትኛውም የባጃጅ ሹፌር ደጄ ድረስ ያደርሰዋል። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን የምናገረው አፍሬበት ሳይሆን፣ የቀረውን በራሴ እንደተማርኩ እንዲታወቅልኝ ነው። የእንጨት አገጣጠም ማንም አላሳየኝም፤ የተሰበረ የቢሮ ጠረጴዛ ፈታትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው ያወቅሁት። ራዲዮ መጠገን የቻልኩት የራሴን ራዲዮ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ነው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ መሐንዲስ እኔ የሠራሁትን የአዳራሽ ጣሪያ ቀና ብሎ አይቶ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። በጣቴ ግንባሬን አሳየሁት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ስለዚህ ዘንድሮ በኅዳር መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቤቴ ድረስ ስትመጣ አልተገረምኩም። ወጣት ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። ከገና በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አጫጭር የምርጫ ኮርሶች ሊሰጡ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ኮምፒውተር፣ ልብስ ስፌት፣ የመጀመሪያ እርዳታና የቀርከሃ ሥራ። ልጁ ከአራቱ የወደደውን አንዱን ይመርጣል።

«ጋሽ ይመር፣ ቀርከሃውን ያለ እርስዎ ማን ያስተምርልናል?» አለችኝ።

ማንም እንደሌለ ነገርኳት። ልትወጣ ስትል ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች። ልጆቹ ማን እንደሚያስተምራቸው እንዲያውቁ፣ በሕይወቴ የሠራኋቸውን ነገሮች ዘርዝሬ በአንድ ገጽ እንድጽፍላት፤ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ልትለጥፈው። አንድ ገጽ እንደማይበቃኝ ነገርኳት።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ አንድ አንድ ቀርከሃ ይዘው እንዲመጡ አዝዤ ነበር። ምን ዓይነት ይሁን የሚለውን ሆን ብዬ አልነገርኳቸውም፤ ይዘውት የሚመጡት ነገር ማን ምን እንደሚያውቅ ይነግረኛል። አንዷ ልጅ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ልሙጥ፣ ቀለም የተቀባ የሚመስል አረንጓዴ፣ ከላዩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የነሰነሰበት ይዛ መጣች። ከሁሉም ያማረው የእሷ ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ለሌሎቹ ላሳያቸው ብዬ ከጫፉ በገጀራ ሰነጠቅሁት። ያን ጊዜ ሽታው መጣ።

ዕድሜዬን ሙሉ ቀርከሃ ሳሸት ነው የኖርኩት። ያሸተትኩት ይህን ግን አልነበረም፤ የአንድ ክረምት ቀርከሃ የወርክሾፔን ደጃፍ አልፎ አያውቅም። እርጥብ ሣርና የበቆሎ እሸት ይሸታል፤ ከሥሩ ኮምጠጥ ያለ ነገር አለው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ያመመኝ መስሏቸው ውሃ ሊያመጡልኝ ተሯሯጡ። አላመመኝም። እነሱን በማክልበት ጊዜ ወደነበረ አንድ ታኅሣሥ ተመልሼ ነበር።

*

ከወሎ የመጣነው በሠፈራ ነው። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ቤቶቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ስለነበሩ እኛ ልጆች በመጀመሪያው ወር የሰው ቤት እየገባን እንቀመጥ ነበር። እናቴ የኛን እንድንለይ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አሠረችበት።

ደጋ የለመደ ሰውነት ወባን አያውቀውም። በዚያ መንደር ከእርሻችን ቀድሞ የሰፋው መቃብራችን ነው። ጥሩ የምትባለው ታናሽ እህቴ የታመመችው ክረምት ላይ ነበር። አባቴ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጀርባው አዝሏት የሦስት ሰዓት መንገድ ወደ አሶሳ ወጣ። በማግስቱ ሲመለስ አሁንም አዝሏታል፤ ብርድ ልብሱ ግን ራሷንም ሸፍኗል። ዝናብ እንዳይነካት መስሎኝ ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ እግሯን ይዤ፣ ደርሰሻልና ተነሺ አልኳት። አባቴ አልፎኝ ሄደ።

በልቅሶው ሰሞን አባቴ የተናገረው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ቃሬዛ ቢኖር በአራት ሰው ሮጠን እናደርሳት ነበር» አለ። ይህን ያለው ለማንም አይደለም፤ ወደ መሬት እያየ ነው። እኔ ግን ለኔ የተባለ አድርጌ ያዝኩት።

በዚያው ዓመት ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። ትምህርት ቤቱ በኛ መንደርና የአገሩ ነባር በሆኑት በበርታዎቹ መንደር መካከል ነበር፤ የሁለቱም ልጆች አንድ ክፍል ነው የምንማረው። የእጅ ሥራ መምህራችን ከወለጋ የመጣ ዲንሳ የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ከገና በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ከሰዓት በኋላ ባዶ ከሚሆኑ ሙያ እንማርባቸው ብሎ ያሰበው እሱ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት ነገር ጻፈ፤ ልብስ ስፌት፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የጓሮ አትክልት፣ የቀርከሃ ሥራ። እያንዳንዳችን አንድ እንድንመርጥ፣ ከመረጥን በኋላ መቀየር እንደሌለ ነገረን። ትምህርት ቤቱ ለገና በሚዘጋበት ቀን ወላጆች ይመጣሉ፤ የሠራነው ሁሉ የሠሪው ስም ተጽፎበት ከማንጎው ዛፍ ሥር ይደረደራል።

ስሜ የሚጻፍበት ነገር! ሌላውን አልሰማሁም። ለቀርከሃ እጄን አወጣሁ።

ሴቶቹ ሁሉ ለስፌት ሲያወጡ አንዲት ልጅ ብቻ ለቀርከሃ አወጣች፤ ክፍሉ ሳቀ። ሐዋ ትባላለች፤ በርታ ናት፤ ጥርሶቿ መካከል ክፍተት አለ፤ ስትናደድ በዚያ ክፍተት ትንፋሿን ታስወጣለች። የምንሠራው ሁለት ሁለት እየሆንን ስለሆነ ሁሉም ጓደኛውን ያዘ። እኔን ማንም አልያዘኝም፤ በዚያ ሰሞን ከኔ ጋር እኩል መሥራት የሚችል የለም ብዬ ስለነበር ተቀይመውኛል። እሷንም ማንም አልያዛትም። መምህር ዲንሳ እኔንና እሷን አንድ ላይ አደረገን።

የቀርከሃውን ሥራ የሚያሳዩን የሐዋ አያት ነበሩ፤ አባ ሐምዳን እንላቸዋለን። አጭር፣ ጠይም፣ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ቋጠሮ ያበጀ ሽማግሌ ናቸው። ዘንቢሉን፣ አልጋውን፣ የእህል ጎተራውን፣ አጥሩን፣ ሁሉን ከቀርከሃ ነው የሚያወጡት። ሠፋሪዎቹ ጫካውን እየጨረሱብን ልጆቻቸውን ደግሞ ታስተምራለህ ብሎ የመንደራቸው ሰው አጉረምርሞባቸዋል አሉ። እሳቸው ደግሞ፣ ካላወቁማ ሁሉንም ይጨርሱታል፣ ብለው መለሱ አሉ። ይህን የነገረችኝ ሐዋ ናት።

አማርኛቸው እንደ እኛ አልነበረም። ሐዋን «አንተ ና፣ ይሄን ያዝ» ሲሏት እኛ የሠፋሪ ልጆች እንሳሳቃለን። አንድ ቀን ሐዋ ወደኔ ዞራ፣ የእኛን ቋንቋ ስንት ቃል ታውቃለህ አለችኝ። እንደማያስፈልገኝ ነገርኳት። በዚያ የጥርሷ ክፍተት ተነፈሰች።

አባ ሐምዳን ወደ ቀርከሃው ጫካ ሲያስገቡን ከመቁረጣቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋሉ። በመሃል ጣታቸው መገጣጠሚያ ግንዱን ሦስት ጊዜ ያንኳኩታል። ከዚያ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ይቆያሉ። አንዳንዱን አንኳኩተው ያልፉታል፤ አንዳንዱን አንኳኩተው «ይሄ» ይላሉ።

«ይሄ አንድ ክረምት አይቷል» ይላሉ። «ውስጡ ውሃ ነው። ተወው። ይሄ ሦስት ክረምት አይቷል። ይሄን ቁረጥ።»

ክረምቱን መቁጠር ምን እንደሚያደርግልን አልገባኝም። ማንኳኳቱ ግን የገባኝ መሰለኝ። ቤት ሲገባ በር እንደሚንኳኳው፣ ጫካው ውስጥ ያለ ጂኒ እንዲወጣ የሚደረግ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። ለሠፋሪ ልጆችም እንደሚያውቅ ሰው ይህንኑ አስረዳኋቸው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም እያንኳኳን የፈለግነውን እንቆርጥ ጀመር። ካንኳኳን በኋላ ማንም የሚሰማ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ መምህር ዲንሳ የመጀመሪያ እርዳታ የሚማሩትን ከኛ ጋር ሰበሰበና ቃሬዛ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ለልምምድ ብቻ አይደለም፤ ኮርሱ ካለቀ በኋላ ትምህርት ቤቱ ይቀመጥና ከሁለቱም መንደር የታመመ ሰው ሲኖር ይወሰድበታል። ማን ይሠራል አለ። ሌሎቹ በርጩማና መደርደሪያ ጀምረዋል። እኔ ተነሣሁ። ሐዋን ሳልጠይቃት ተነሣሁ። እህቴን እያሰብኩ ነበር፤ ስሜንም እያሰብኩ ነበር። የትኛው እንደበለጠ ዛሬም ብጠየቅ አልመልስም።

ለሁለቱ ረጃጅም ዘንጎች ቀርከሃ ልንቆርጥ ስንሄድ አባ ሐምዳን ከሌሎቹ ጋር ወደ ታች ነበሩ። እኔ ዓይኔ አንዱ ላይ አረፈ። ቀጥ ያለ፣ ልሙጥ፣ አረንጓዴ። አባቴ በወሎ አጣና ቆርጦ ሻጭ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ሲመረጥ ቀጥ ማለቱንና ልሙጥነቱን እንደሚያዩ ከእሱ ጋር ዞሬ አውቃለሁ። ከዚህ የበለጠ ዘንግ ሊኖር አይችልም። ሦስቴ አንኳኳሁና ገጀራውን አነሣሁ።

«እሱን ተወው» አለች ሐዋ።

«ለምን?»

«ዘንድሮ ነው የወጣ።»

«አንኳኩቻለሁ እኮ።»

«ምን አለህ?»

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። «ቀርከሃ ይናገራል እንዴ?»

«ላንተ አይናገርም» አለች።

ስለ አጣና፣ ስለ አባቴ ሙያ ነገርኳት። ይሄ አጣና አይደለም አለችኝ። ቆረጥኩት። በአንድ ምት ማለት ይቻላል፤ እንደ ሸንኮራ ገባልኝ። ያን ጊዜ ነው ያ ሽታ የወጣው፤ የእርጥብ ሣርና የበቆሎ እሸት። የበሰለ ቀርከሃ እንዲህ በቀላሉ እንደማይቆረጥ፣ ገጀራ እንደሚመልስ ዛሬ ማንም ልጅ ሊነግረኝ ይችላል። እኔ ግን የክንዴ ጉልበት መሰለኝ።

ሁለተኛውን ዘንግ ሐዋ መረጠች። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ቡግር ቡግር ያለበት፣ እንደ ሽማግሌ ቆዳ የተዥጎረጎረ ነበር። ለመቁረጥ ብዙ ደከመች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቃሬዛዬን ታበላሺብኛለሽ ብዬ ተቆጣኋት።  የመረጠችው በግራ በኩል፣ የኔው በቀኝ በኩል ሆነ። በኔው ጫፍ ላይ ሚስማር አግዬ «ይመር» ብዬ ተኮስኩበት። ለእሷ ስም ቦታ አልቀረም አልኳት።

ማረፊያውን በስንጥቅ ቀርከሃ ጎንጉነን ከላዩ ጆንያ ወጠርንበት። ሥራው በእውነት ያማረ ነበር። ሆኖም ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ከዋለ በኋላ የኔ ዘንግ ቆዳው መጨማደድ ጀመረ፤ ከዚያ መሃሉ አካባቢ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። የሐዋው እንደነበረ ነበር። ፀሐዩ በኔ በኩል በርትቶ ነው ብዬ አሰብኩ። የጆንያ ቁራጭ ጠመጠምኩበትና ለትከሻ እንዲመች ነው ብዬ ተናገርኩ። ስንጥቁ እንዳይታይም ዘንጉን ወደ ታች አዞርኩት። ዛሬ ሙያውን አውቄ ሳስበው ካደረግሁት ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሸክም የሚስበው የታችኛውን ጎን ነው፤ ስንጥቁን እዚያው ይከፍተዋል።

*

ኮርሱ ሊጠናቀቅ አራት ቀን ሲቀረው አባ ሐምዳን እየተንቀጠቀጡ መጡ። ማንጎው አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጋቢ ለብሰው ሥራውን አሳዩን። በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ልጆቻቸው ደግፈዋቸው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ፤ የአሶሳ መንገድ በዚያ ስለሚያልፍ ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ እግራቸው አልሸከም ብሏቸዋል። መምህር ዲንሳ ከክፍሉ ብቅ ብሎ አያቸውና «ይመር፣ ቃሬዛውን አምጣ» አለኝ።

ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። አባቴም ከጎረቤታችን ጋር ከማሳ ተጠርቶ መጣ። ሁለቱ የአባ ሐምዳን ልጆች ከፊት፣ አባቴና ጎረቤታችን ከኋላ ሊይዙ ሆነ። አባቴ ቃሬዛውን አገላብጦ አየና፣ «አንተ ነህ የሠራኸው? ሸጋ ነው» አለኝ። ጥሩ ከሞተች ወዲህ ለኔ የተናገረው የመጀመሪያ ደግ ቃል ይህ ነበር።

አባ ሐምዳንን አስተኟቸው። ቀኝ እጃቸው በጎን ወረደ። የመሃል ጣታቸውን አጥፈው ቀኙን ዘንግ ሦስት ጊዜ አንኳኩት። ራሳቸውን ወደዚያ ዘንበል አድርገው ቆዩ። እየባረኩልኝ መሰለኝ። ሐዋ አጠገባቸው ቆማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ለአያቷ ያለቀሰች መሰለኝ።

«ያንተ ነው?» አሉኝ።

«የኔ ነው» አልኳቸውና የተተኮሰውን ስሜን አሳየኋቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሌላ ቃሬዛ እንደሌለ፣ እግራቸው እንደማይሄድ ያውቃሉ።

«ቀስ ብለው ይሂዱ በላቸው» አሉኝ።

እሺ አልኩ። አልነገርኳቸውም። ቃሬዛ የሚሠራው ለመሮጥ ነው፤ አባቴ እንዲያ ነው ያለው፤ እኔም ለዚያ ነው የሠራሁት። ቀስ በሉ ማለት ሥራዬን ማሳነስ መሰለኝ። እንዲያውም ከፊት ከፊት እየሮጥኩ፣ ፍጠኑ፣ ይችላል፣ እላቸው ነበር።

ሐዋ አብራን መጣች። ከቀኙ ዘንግ ሥር ሁለት እጇን አግብታ፣ መሃሉን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር እኩል ትሮጣለች። ክብሩን ልትካፈለኝ የፈለገች መሰለኝ። ተመልሼ እጇን አስለቀቅኋት። አራት ሰው ይበቃዋል፣ መንገድ አትዝጊ አልኳት። ሁለት ጊዜ ተመልሳ ያዘች። በሦስተኛው ገፈተርኳት፤ ተንበረከከችና ወደ ኋላ ቀረች።

የአሶሳ መንገድ የሚያቋርጠው ወንዝ ጋ ስንደርስ ውሃው ከጉልበት በታች ነበር። ተሻገርን። ወዲያ ማዶ ያለውን ዳገት ሲጀምሩ የፊቶቹ ከፍ አሉ፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ወረደ። እርጥብ ቀርከሃ ሲሰበር አይጮኽም። አሮጌ ጨርቅ የተቀደደ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሳይ ቃሬዛው በቀኝ በኩል ታጥፏል። አባ ሐምዳን ድንጋዩ ላይ በአንገታቸውና በትከሻቸው ወድቀው ግማሽ ሰውነታቸው ውሃ ውስጥ ነው። አልጮኹም። ልጆቻቸው ናቸው የጮኹት።

አባቴ አንሥቶ በጀርባው አዘላቸው። ጋቢውን አጠበቀና ዳገቱን ወጣ። ከኋላው ሳየው ጥሩን አዝሎ የሄደ ቀን ያየሁት ጀርባ ነበር።

እኔ ቃሬዛውን ልሰብስብ ብዬ ወንዙ ዳር ቀረሁ። የሰበሰብኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ቢላዬን አወጣሁና «ይመር» የሚለውን ጫፍ ቆርጬ ውሃው ውስጥ ጣልኩት። ወሰደው። ቀና ስል ሐዋ ከማዶ ቆማለች። ጉልበቷ ደምቷል። የአያቷን አንድ እግር ጫማ ከውሃው አውጥታ ይዛለች። 

አባ ሐምዳን በማግስቱ ጠዋት አሶሳ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሞቱ። ሐኪሙ፣ ወባው ወደ ጭንቅላት ወጥቶ ስለነበር ባይወድቁም አይተርፉም ነበር አለ ተባለ። ይህን ቃል እንደ መታወቂያ ወረቀት ይዤው ኖሬያለሁ። እውነት ይሁን፣ ወይስ የኛን ሰው ለማረጋጋት የተነገረ፣ ማን ሊነግረኝ ይችላል።

ወላጆች የሚመጡበት ቀን ደረሰ፤ ማንጎው ሥር ምንም አልተደረደረም። መምህር ዲንሳ የቀርከሃ ኮርስ ተማሪዎችን ብቻ ክፍል ውስጥ ሰበሰበን። የተሰበረው ቃሬዛ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በመስኮቱ በኩል የኛ መንደር ሰዎች ቆመዋል፤ አባቴም አለ። ያን ሁለት ቀን መንደራችን ሙሉ አንድ ነገር ነበር የሚያወራው፤ በርታዎቹ ሽማግሌያችንን የገደሉት ሠፋሪዎች ናቸው ቢሉ ምን እንሆናለን የሚለውን።

«ይህን ዘንግ ማን ቆረጠው?» አለ መምህሩ።

 የአባቴን ፊት በመስኮቱ አየሁት።

«ሁለቱንም የመረጠችው ሐዋ ናት» አልኩ። «ቀርከሃ የምታውቀው እሷ ናት። እኔ ምን አውቄ።»

በሕይወቴ ሙሉ አላውቅም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐዋ ተነሣች። የግራውን፣ ያን ቡግር ቡግር ያለበትን ዘንግ በጣቷ ነካችው። «እኔ የመረጥኩት ይሄ ነው» አለች። «አልተሰበረም።»

ከኋላ የኛ መንደር ልጆች ትዋሻለች ብለው ተንጫጩ። መምህር ዲንሳ የቀኙን ዘንግ ጫፍ፣ ትኩስ የተቆረጠውን፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ በመስኮቱ ውጭ የቆሙትን ሰዎች አየ። ያወቀ ይመስለኛል። «ኮርሱ አልቋል። ሂዱ» አለ።

ውሸቴ ለሁሉም ተመቸ። የገዛ የልጅ ልጃቸው ናት ያጠፋችው፣ እኛ ምን አለብን፣ ተባለ። በሁለቱም መንደር ተወራ። በገና ዕለት የመንደራችን ልጆች ሜዳ ላይ ገና ሲጫወቱ ዱላ ቁረጥልን አሉኝ፤ እጄን አሞኛል አልኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት የሐዋ ቦታ ባዶ ነበር። ወደ ኩርሙክ፣ ወደ እናቷ ዘመዶች ላኳት አሉ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

በዚያው ወር ብቻዬን ወደ ቀርከሃው ጫካ ሄድኩ። ልሙጡን አንኳኳሁ፤ ከዚያ የተዥጎረጎረውን አንኳኳሁ። ከዚያ ሌላ ልሙጥ፣ ከዚያ ሌላ የተዥጎረጎረ። የጣቴ መገጣጠሚያ ቆዳው እስኪላጥ አንኳኳሁ። አንዱ ውሃ የሞላ ቅል ይመስላል፤ ታፍኖ ይቀራል። ሌላው ጠንካራ ነው፤ ጣትን ይመልሳል፤ ድምፁ እስከ ላይኛው ቅጠል ይሄዳል። ልዩነቱ ደንቆሮም የሚሰማው ዓይነት ነው። እኚያ ሽማግሌ ቃሬዛው ላይ ተኝተው ምን እንደሰሙ ያን ጊዜ ገባኝ። ሐዋም እጇን ከዘንጉ ሥር ለምን እንዳስገባች።

*

ዳይሬክተሯ የጠየቀችኝ ገጽ ይኸው። ግድግዳው ላይ ሳይቆረጥ ይለጠፍ።

እኔ ይመር የሠራሁት፦

አልጋ፣ ወንበርና መደርደሪያ፤ በየቤቱ ስላለ አልዘረዝረውም።

የቀበሌው አዳራሽ ጣሪያ። እስካሁን አንድ ጠብታ አላስገባም።

የቤተ ክርስቲያኑ አጥርና የመስጊዱ የጫማ መደርደሪያ፤ ሁለቱም በአንድ ክረምት።

ያለ አስተማሪ የጠገንኳቸው ራዲዮዎች ሁሉ።

ለጤና ኬላው የሠራኋቸው ቃሬዛዎች። አንዱም አልተሰበረም፤ እያንዳንዱን ዘንግ አንኳኩቻለሁ፣ ሰምቻለሁም።

ዘንድሮ ከገና በፊት፣ በሦስት ሳምንት፣ በኮርሱ የገቡትን ልጆች በሙሉ የአንድ ክረምቱን ቀርከሃ ከሦስት ክረምቱ በጆሯቸው እንዲለዩ ማስቻል። ይህን ማንም አላስተማረኝም እያልኩ ኖሬ ነበር፤ ያስተማሩኝ አባ ሐምዳን ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ቃሬዛ። የግራውን ዘንግ የመረጠችው ሐዋ ናት፤ አልተሰበረም። የቀኙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።